በአንድ እፍኝ የሚዋጡት ቫይታሚኖች

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ ከእናቴና ከወንድሜ የ3 ዓመት ልጅ ጋር ታቦር ተራራ ግርጌ እንኖራለን። እናቴ 59 ዓመቷ ነው። ከ4 ዓመት በፊት እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባለ 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን፣ የእንቅርቱን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን፣ ትወስዳለች። ለደም ግፊቷም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባል ኪኒን አላት።

አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከ5 ወር በፊት በሰው አንድ ሻንጣ ቫይታሚን ላከችላት። ካልሲየም አለ፣ አንዱ ፍሬ 600 ሚሊግራም ሆኖ 800 አይ.ዩ. (የቫይታሚን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ዲ ያለበት፤ እሱን ሁለት ሁለት ትውጣለች። ለብቻው ባለ 5,000 ቫይታሚን ዲ አለ። 18 ሚሊግራም ብረት፣ 200 ሚሊግራም ካልሲየምና 1,000 ቫይታሚን ዲ ያለበት መልቲቫይታሚን አለ። ለጸጉር ተብሎ 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን፣ የእርድ እንክብልም አለ። ለልጁ ደግሞ ከረሜላ የሚመስል ቫይታሚን። እማዬ “እንዳልረሳ” እያለች የሷን ሁሉ ከእንቅርቱ ኪኒን ጋር ጠዋት በአንድ እፍኝ፣ በወተት ታወርደዋለች።

ከ3 ወር ወዲህ ሰውነቷ ዝሏል። በሐዋሳ ሙቀት ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ሆዷ ይደርቃል፤ ውሃ ውሃ ይላታል። ከ6 ሳምንት በፊት ደም ሰጥታ ሐኪሙ “ሆርሞኑ በዝቷል” ብለው ኪኒኑን ወደ 75 ዝቅ አደረጉላት። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰባት። ስለ ቫይታሚኖቹ ግን ለሐኪሙ አልነገረቻቸውም፤ “ቫይታሚን እኮ መድኃኒት አይደለም” ትላለች።

ለእህቴ ይህን ብነግራት “ሌሊት እየሠራሁ የምልከውን ልታስጥያት ነው?” ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። እማዬ ደግሞ ለቡና ለመጣ ሁሉ ብልቃጦቹን እያወጣች “ልጄ የላከችልኝ” ትላለች፤ ነፍሰ ጡር ለሆነችው ጎረቤታችን ሳይቀር ከመልቲቫይታሚኑ ዘግና ሰጥታታለች። ሐኪም ቤት ይዣት የምሄደው እኔ፣ ሌሊት የምነሳላት እኔ፤ የሚመሰገነው ብልቃጡ። እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል። ዝም ብል ለእናቴ እሰጋለሁ፣ ብናገር ቤታችን ይበጠበጣል። ምን ላድርግ?

ታናሽ እህት፣ ከሐዋሳ

---

እህቴ፣

ከጻፍሽው ሁሉ ትልቁ ነገር ጋቢው ነው። በሐዋሳ ሙቀት የሚበርደው፣ የሚዝል፣ ሆዱ የሚደርቅ ሰው የእንቅርት ሆርሞን ያነሰው ሰው ምልክት ነው የሚያሳየው። የደሙ ወረቀት ደግሞ “በዝቷል” አለ። እነዚህ ሁለቱ አይገጥሙም። የማይገጥሙበት ምክንያት እናትሽ በሚዘግኑት እፍኝ ውስጥ ሊሆን ይችላልና ስጋትሽ ከቅናት የመጣ አይደለም፤ በደንብ አስተውለሻል።

መጀመሪያ ካልሲየሙና ብረቱ። ሁለቱም ሆድ ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን ይይዙታል፤ የተያዘው ደም ውስጥ ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። እናትሽ 100 ማይክሮግራም ዋጡ ማለት 100 ደረሳቸው ማለት አይደለም። የሚያወርዱበት ወተትም ካልሲየም ነው፤ ያባብሰዋል። ይህ ኪኒን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ የሚዋጥበት ምክንያት ይኸው ነው። ቡናም ቢሆን ከኪኒኑ ጋር ከተጠጣ የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ ባዮቲኑ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ሆርሞን የሚለኩበት ማሽን ባዮቲንን ራሱን እንደ ማጣበቂያ ይጠቀምበታል። ሰው 10,000 ማይክሮግራም ውጦ ሲመጣ በደሙ ያለው ባዮቲን ከማሽኑ ማጣበቂያ ጋር ይሻማል፤ ቲ.ኤስ.ኤች (የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ዝቅ፣ ሲያንስ ከፍ የሚለው መለኪያ) ከእውነቱ ዝቅ ብሎ፣ ቲ4 (ራሱ የእንቅርቱ ሆርሞን) ከፍ ብሎ ይነበባል። ወረቀቱን ያየ ሐኪም “ሆርሞን በዝቷል፣ ኪኒኑ ይቀነስ” ቢል አይፈረድበትም፤ ስለ ባዮቲኑ አልተነገረውም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን የእናትሽ ፍሬ ከ300 እጥፍ በላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ በ2019 አድሶታል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚለይበትን የትሮፖኒን ምርመራ ጭምር ስለሚያሳስት። ሁሉም ማሽን በዚህ መንገድ አይሠራም፤ የእናትሽ ውጤት ተዛብቷል ብዬም አልፈርድም። ግን እውነተኛው ሆርሞን በካልሲየሙ እየቀነሰ፣ ወረቀቱ በባዮቲኑ “በዝቷል” እያለ፣ በዚያ ላይ ኪኒኑ ወደ 75 ወርዶ ከሆነ፣ “ጭራሽ ባሰባት” ያልሽው ነገር በደንብ ይገባኛል።

ሦስተኛው ውሃ ጥሙ ነው። እስቲ የጻፍሽልኝን እንደምረው። ቫይታሚን ዲ፦ 5,000፣ ከሁለቱ ካልሲየም 1,600፣ ከመልቲቫይታሚኑ 1,000፤ በድምሩ 7,600 አይ.ዩ.። በእናትሽ ዕድሜ በቀን የሚፈለገው 600 ነው፤ ያለ ሐኪም ክትትል መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 4,000። ካልሲየም ከኪኒን ብቻ 1,400 ሚሊግራም ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት የሚያስፈልጋት ደግሞ ምግቡም ተቆጥሮ 1,200። በወተቱ፣ በጤፉና በጎመኑ ላይ ነው ይህ የሚጨመረው። የደም ግፊት ኪኒናቸውም ጉዳዩ ውስጥ አለበት፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያግዳል። በአንድ በኩል ብዙ ይገባል፣ በሌላ በኩል መውጫው ጠብቧል። ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ውሃ ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ሲቆይ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ድካሙና ድርቀቱ የሆርሞን ማነስም፣ የካልሲየም መብዛትም ሊሆን ስለሚችል ቤት ተቀምጦ መለየት አይቻልም። የሚለየው ደም ነው።

የእርዱን እንክብል በአጭሩ ልለፈው። ወጥ ውስጥ የሚገባ እርድ ሌላ፣ ተጨምቆ በእንክብል የተሞላ ሌላ ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ቶሎ እንዲሰርጽ ቁንዶ በርበሬ ሲጨመርበት፣ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።

አሁን ወደምታደርጊው ልምጣ። ሌቮታይሮክሲኑንና የግፊት ኪኒኑን እንዳታስቆሚ፤ የእንቅርቱንም መጠን በራስሽ ወደ 100 እንዳትመልሺው። ባዮቲኑ፣ ባለ 5,000 ቫይታሚን ዲው፣ የእርዱ እንክብልና መልቲቫይታሚኑ ግን ሐኪም ያዘዛቸው ስላልሆኑ ከነገ ጀምሮ ቢቆሙ የሚያመጡት ጉዳት የለም።

ካልሲየሙ ላይ ግን ቆም በይ። እንቅርት ሲወጣ ከጀርባው ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎች አንዳንዴ አብረው ይጎዳሉ። እነሱ ናቸው የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች አንዳንዶቹ ካልሲየም በትእዛዝ ይወስዳሉ። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት ፈልጊ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካልሲየም ታዞላቸው ነበር? የከንፈራቸውን ዙሪያ ወይም ጣታቸውን የሚነዝርና የሚደነዝዝ፣ እጃቸውን የሚያኮማትር ነገር ነበር? ለአንዱም መልሱ “አዎ” ከሆነ ካልሲየሙን አታስቁሚ፤ በዚሁ ሳምንት ሐኪማቸውን አግኙ። ታዞ የማያውቅ ከሆነ ሐኪም እስኪያያቸው ቢቆም ይሻላል።

ሰዓቱን እንዲህ አስተካክዪው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእንቅርቱ ኪኒን ብቻውን፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ። ቁርሱ፣ ቡናው፣ ወተቱ ከ1 ሰዓት በኋላ። ካልሲየምም ሆነ ብረት ያለበት ማንኛውም ነገር ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቅ፤ ማለትም ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይነካም። ሐኪሙ ካልሲየሙ ይቀጥል ካሉ አንዷ ከምሳ፣ አንዷ ከራት ጋር ትሁን። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ብዙም የማይበልጥ ነው በደንብ የሚቀበለው፤ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ደግሞ ከምግብ ጋር ይሻለዋል። እናትሽ የሚጾሙና ጠዋት ውሃም የማይቀምሱ ከሆነ ኪኒኑን ማታ፣ ከራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ሲተኙ መውሰድ ስለሚቻል ይህን ሐኪሙን ጠይቂ። ብቻ ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ እንዳይሆን፤ ሰዓቱ አንድ ይሁን።

ከዚያ ሁሉንም ብልቃጥ፣ የሐኪሙንም የእህትሽንም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስበሽ ወደ ሐኪሙ ይዘሽ ሂጂ። በወረቀት ላይ ስሙን፣ በአንድ ፍሬ ያለውን መጠን፣ በቀን ስንት እንደሚዋጥና መቼ እንደተጀመረ ጻፊ። ስትጽፊ የብልቃጡን ጀርባ በደንብ እይ። “ሰርቪንግ ሳይዝ” የሚለው መስመር 2 ወይም 3 ፍሬ የሚል ከሆነ ከሥር ያለው ቁጥር የአንዱ ሳይሆን የሁለቱ ወይም የሦስቱ ድምር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ መስመር ላይ ነው።

ለሐኪሙ “ቫይታሚን ትወስዳለች” ብለሽ አትለፊ፤ “ባለፈው ደም ስትሰጥ በቀን 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን እየወሰደች ነበር፤ ካልሲየምና ብረቱንም ከሌቮታይሮክሲኑ ጋር በአንድ ላይ ነበር የምትውጠው” በያቸው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይፈታል። ቲ.ኤስ.ኤችና ፍሪ ቲ4 እንደገና እንዲታይ፣ የደም ካልሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን እንዲጨመር ጠይቂ። የሆርሞኑ ደም ከመሰጠቱ በፊት ባዮቲኑ ከቆመ ቢያንስ 3 ቀን ይሙላው። የካልሲየሙ ምርመራ ግን ይህን አይጠብቅም፤ ውሃ ጥሙ ከጠና ነገውኑ ይሠራ። ደም በሚሰጡበት ጠዋት የእንቅርቱን ኪኒን ይዘው ይሂዱና ከሰጡ በኋላ ይዋጡት።

የመጀመሪያው ውጤት የበፊቱ ወረቀት ተዛብቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ለመለየት ይረዳል እንጂ ትክክለኛውን መጠን አይነግርም። ሰዓቱ ከተስተካከለ ወይም መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤች ቦታውን የሚይዘው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ሁለተኛ ምርመራ ይኖራል። ቫይታሚን ዲም ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ቢቆም እንኳ ለመውረድ ሳምንታት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን “ምንም ለውጥ የለም” ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ማስመለስ ከጀመራቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎ አልነቃ ካላቸው፣ ወይም የልባቸው ምት ከተዘበራረቀ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።

ስለ ልጁ፣ ዛሬ ማታ የሚደረግ ነገር አለ። ከረሜላ የሚመስል ቫይታሚን ለ3 ዓመት ልጅ ከረሜላ ነው፤ አንዱን በልቶ አያቆምም። ከሁሉ የሚያስፈራው ብረት ነው፤ ልጅ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊግራም ብረት ከዋጠ መመረዝ ይጀምራል። 14 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የእናትሽን መልቲቫይታሚን 16 ፍሬ ማለት ነው፤ ለደም ማነስ ከሚታዘዘው፣ 65 ሚሊግራም ብረት ካለው ኪኒን ከሆነ ግን ከ4 እስከ 5 ፍሬ ብቻ ይበቃል። የብረት መመረዝ አታላይ ነው፤ መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ለሰዓታት የተሻለው ይመስላል፣ በኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ “ተሻለው” ብለሽ አትቀመጪ፤ ብልቃጡን ይዘሽ ሩጪ። ዛሬ ግን ሁሉንም ከጠረጴዛው ላይ አንስተሽ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከላይ አስቀምጪ።

ጎረቤታችሁንም አትርሻት። ፅንሱን ሊጎዳ የሚችለው በተለይ ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ነው፤ ነፍሰ ጡር በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከ10,000 አይ.ዩ.፣ ማለፍ የለባትም። አንድ መልቲቫይታሚን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አያደርስም፤ ግን ሌላ ምን እንደምትወስድ እናንተ አታውቁም። የተሰጣትን ይዛ ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ እዚያ የሚሰጣትን ብረትና ፎሊክ አሲድ በዚህ እንዳትተካው ንገሪያት።

አሁን ወደ እህትሽ። “የሚመሰገነው ብልቃጡ” ብለሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አትፈሪበት። ሌሊት የሚነሳው ሰው ድካም ፎቶ አይነሳም፣ ለቡና እንግዳም አይወጣም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ለእህትሽ ስትነግሪያት የነገርሻት ስለ ኪኒኑ ብቻ ነበር? ወይስ የቆየው ቅሬታሽም በድምፅሽ ውስጥ ነበር? እሷም ከሩቅ ሆና እናቷን የምትነካበት ሌላ መንገድ የላትም፤ ያ ሻንጣ እጇ ነው። “ጎዳት” ስትያት የሰማችው “እጅሽን አንሺ” የሚል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጉዳዮች ለያያቸው። የእናትሽ ደም አሁን፣ የአንቺ ድካም ደግሞ ነገሩ ከሰከነ በኋላ፤ እሱም ግን ይነገር፣ አይቀበር።

መጀመሪያ እናትሽን። ብልቃጦቹን ደብቀሽ ወይም ጥለሽ አትጀምሪ። “እማዬ፣ የላከችልሽን አልጥልም። ሐኪሙ ይዩትና የቱ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ይንገሩን፤ የእንቅርቱ ኪኒንሽ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን አይሠራም አሉ” ብትያቸው “መድኃኒት አይደለም” ከሚለው ክርክር ትወጫለሽ። ለእህትሽ ደግሞ የእያንዳንዱን ብልቃጥ ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪና “የላክሽውን ሁሉ ይዘን ሐኪም ጋ ልንሄድ ነው። አንቺም በስልክ አብረሽን ብትሆኚ ደስ ይለኛል፤ መጠኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ” በያት። ሐኪሙ ሲናገሩ ከሰማች ክርክሩ ከአንቺ ጋር መሆኑ ያበቃል። “እኔ ጥሩ ነው ብዬ ነው” ካለች፣ “አዎ፣ አውቃለሁ” ብቻ በያት።

ምናልባት “ከአሜሪካ የመጣ እኮ ነው” ትል ይሆናል። እዚያ አገር በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት፣ ማለትም እንዲህ ያለ ቫይታሚንና እንክብል፣ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ አይፈቀድም። ዩ.ኤስ.ፒ. የሚባለው የጥራት መርማሪ ድርጅት ማኅተም ያለበት ቢሆን እንኳ ማኅተሙ የሚለው “የተጻፈው ነገር ውስጡ አለ” ነው፤ “ለእናታችሁ ይሆናል” አይልም። በሻንጣ የሚገባውም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ አያልፍም። አንድ ሰው ከወሰደው ነገር ጉዳት ከደረሰበት ለባለሥልጣኑ በነጻ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

እህትሽ መላክ እንዳይቀርባት የምትልከውን ቀይሪላት። በክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ እናትሽን ከማንኛውም ቫይታሚን የበለጠ ይጠቅማቸዋል። የሰባቱ ቀናት ስም ያለበት፣ የጠዋቱ ከማታው የተለየ የኪኒን ሣጥንም እንዲሁ፤ የጠዋቱ ክፍል ውስጥ የሚገባው የእንቅርቱ ኪኒን ብቻ ይሆናል፣ የግፊቱንም ሐኪሙ ባሉት ሰዓት ታስገቢዋለሽ። እሁድ እሁድ እናትሽ በቪዲዮ እያወሩ፣ እህትሽ እየቆጠረች አንቺ ሣጥኑን ሙይው።